የቢራ ዓይነቶችን በቅምሻ ለመለየት ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ

በሆቴል አስተናጋጅነት እሠራለሁ። ከውጭ የሚመጡ እንግዶች «ይህ ላገር ነው ወይስ ኤል? ስታውት አላችሁ?» ብለው ሲጠይቁኝ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ከማንበብ ያለፈ መልስ የለኝም። የተለያየ ስም ያላቸውን ቢራዎች ብቀምስም ሁሉም አንድ ይሆኑብኛል። የጠላን ጣዕም ግን በደንብ እለያለሁ፤ ይህ ይጠቅመኝ ይሆን?

መልስ፣ ከባሕር ዳር

ሁሉም አንድ ቢሆኑብዎት አይገርምም፤ በአገራችን በብዛት የሚሸጡት የጠርሙስ ቢራዎች ስማቸው ይለያይ እንጂ አብዛኞቹ ወርቃማ ላገር ናቸው። ላገር ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ ቀስ ብሎ ስለሚብላላ ጣዕሙ ጥርት ያለ ነው። ኤል ግን ሞቅ ባለ ቦታ፣ ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ገደማ፣ ስለሚብላላ እርሾው ራሱ የፍራፍሬ ወይም የቅመም ሽታ ይጨምርበታል።

መልስ፣ ከቡሬ

ስለ እርሾ የተባለው ልክ ነው፤ ለጀማሪ ግን ምሬት ይቀላል፤ ጠላ ማወቅዎም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ጌሾ የበዛበት ጠላ ምሬቱ ከዋጡት በኋላ ጉሮሮ ላይ ይቆያል፤ አሻሮው ያረረበት ጠላ ግን ገና ወደ አፍ ሳይደርስ በሽታው ይታወቃል። በቢራ የጌሾን ሥራ የሚሠራው ሆፕስ የተባለ ሌላ ተክል ሲሆን፣ በ1842 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቼክ ከተማ በፕልዘን የተጀመረው ፒልስነር የተባለው የላገር ዓይነት በዚሁ ምሬት ይታወቃል። ስታውት የሚባለው ጥቁር ቢራ ምሬት ደግሞ ከሆፕስ ሌላ ከተቆላ ገብስም ስለሚመጣ ቡና ቡና ይላል። ጥቁር ሁሉ ብርቱ እንዳይመስልዎት፤ ጊነስ ድራፍት የተባለው የአየርላንድ ስታውት አልኮል 4.2 በመቶ ብቻ ነው።

መልስ፣ ከእንጅባራ

ስያሜውን ለጊዜው ይተዉትና ልዩነት መስማትን ይለማመዱ። በሦስት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች፣ በሁለቱ አንድ ዓይነት፣ በሦስተኛው ሌላ ቢራ፣ እርስዎ ሳያዩ ሰው ይቅዳልዎትና የተለየውን ያውጡ። ለመለየት አንድ ሁለት ጉንጭ ይበቃል፤ ከዚያ ያለፈው መጠጣት እንጂ ቅምሻ አይደለም። በጣም የቀዘቀዘ ቢራ ሽታውን ስለሚደብቅ ከማቀዝቀዣ ካወጡት በኋላ ጥቂት ያቆዩት፤ ብርጭቆውም ሳሙና እንዳይቀርበት በደንብ ይለቅለቅ፤ ያለዚያ አረፋው ወዲያው ይጠፋል። በርበሬ ከበሉ በኋላ ግን ባይሞክሩት ይሻላል። ፀሐይ የመታው አረንጓዴ ጠርሙስ የሚከረፋ ሽታ ያመጣል፤ ይህ ብርሃን በሆፕስ ላይ ያመጣው ብልሽት ስለሆነ የቢራው ዓይነት መለያ አድርገው አይያዙት።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ። አንድ እንግዳ ያመጣው የጀርመን የስንዴ ቢራ ድፍርስ ነበር፤ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፣ ከባሕር ዳር

አይደለም። የዚህ ዓይነቱ ቢራ ብዙውን ጊዜ ሳይጣራ ስለሚቀርብ እርሾው በውስጡ ይቀራል፤ ድፍርስነቱም ከእርሾውና ከስንዴው ነው። ሲያሸቱት ሙዝና ቅርንፉድ ከሸተተዎት ዓይነቱን በትክክል ለይተዋል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ ግን ለእንግዳ አይቅረብ።