የላንድክሩዘር 70 ሂተር ለብ ያለ አየር ብቻ ነው የሚሰጠኝ

ጭቃ አይፈሬ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ባለ 1ኤች ዜድ ሞተር የድሮ ላንድክሩዘር 70 ናት። ሂተሩን እስከ ጥግ ከፍቼ፣ ፋኑን መጨረሻ ላይ አድርጌ የሚመጣው አየር እጅ እንኳን አያሞቅም። ፋኑ ደህና ነው፣ ወረቀት ያስበርራል። የሙቀት ጌጁም መሃል ላይ ቆሞ ይውላል፤ ረጅም ቁልቁለት ስወርድ እንኳን ንቅንቅ አይልም። ውሃ አትጎድልም። አንዱ መካኒክ ቴርሞስታት (እንደ ሙቀቱ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው ክዳን) ይቀየር አለ። ሌላው ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ) ወርዶ የሂተሩ ራዲያተር፣ ማለትም ከኋላው ያለው አየሩን የሚያሞቀው ትንሹ ራዲያተር፣ ካልተቀየረ ባይ ነው። እኔ ደግሞ ክሩስኮት ማውረድ ሲባል ገና ከአሁኑ ያመኛል። አንዴ የተፈታ ክሩስኮት ዕድሜ ልኩን ሲንቋቋ ነው የሚኖረው! ከየት ልጀምር?

ዲፈረንሻል፦
ቴርሞስታቱን ተወው። ክፍት ሆኖ ቢቀር ኖሮ ጌጁ ቁልቁለት ላይ ይወርድ ነበር። ሞተሩ ሙቀት አለው፤ ወደ ካቢን ነው የማይደርሰው።

ኮፈኑን ክፈት። ከሞተሩ ተነስተው ወደ ካቢን የሚገቡ ሁለት ቀጫጭን ማኒኮቶዎች (የጎማ ቱቦዎች) ታገኛለህ። አንዱ ትኩስ ውሃ ያስገባል፣ ሌላው ይመልሳል። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ሂተሩን ከፍተህ ሁለቱን ነካ ነካ አድርግ። ያቃጥላሉ፣ አትጨብጣቸው። እጅጌህንም ከሚዞረው ቺንጋ (ቀበቶ) አርቅ። ሁለቱም እኩል ከተፋጁ ውሃው እየዞረ ነው፤ ችግሩ አየሩን የሚያደባልቀው ክዳን ጋ ነው። አንዱ ተፋጅቶ ሌላው ከቀዘቀዘ ወይ ወደ ሂተሩ የሚገባውን ውሃ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭ አልተከፈተም፣ ወይ የሂተሩ ራዲያተር ተደፍኗል።

ሰማያዊ ፒካፕ፦
ኩላንት (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) በቅርቡ ተቀይሮ ከሆነ አየር ይዞም ይሆናል። ሞተሩ በርዶ እያለ አፍንጫዋን ወደ ዳገት አድርገህ አቁማት። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተህ፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርገህ አስነሳ። አረፋው እስኪያበቃ እየሞላህ ቆይ። ክዳኑን በትኩሱ እንዳትነካው ብቻ።

ጭቃ አይፈሬ፦
ዳሰስኩት። መግቢያው ይፋጃል፣ መመለሻው ለብ ያለ ነው። ኩላንት አልተነካም።

ዲፈረንሻል፦
በለው! ክሩስኮቱን የሚነካ የለም። ቫልቩ መግቢያው ማኒኮቶ ላይ ነው ያለው። አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ማስተካከያውን ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ ይግፋልህ፣ አንተ የቫልቩን ክንድ እይ። እስከ መጨረሻው ካልሄደ ከማስተካከያው የሚመጣውን ኬብል ነቅለህ ክንዱን በእጅህ ግፋው።

ጭቃ አይፈሬ፦
ኬብሉ ነው! ልባሱን የሚይዘው ክሊፕ ለቋል። ማስተካከያው ሲገፋ ጥቁሩ ልባስ ጎበጥ ይላል፣ ክንዱ ግን ግማሽ ላይ ይቀራል። በእጄ ስገፋው መመለሻውም መሞቅ ጀመረ። ክሊፑን አስሬ ስነዳት ለውጡ ትልቅ ነው፤ ሞተሩ ሳይጫን ሲሠራ ብቻ ሙቀቱ ትንሽ ይደክማል።

ዲፈረንሻል፦
የቀረው የሂተሩ ራዲያተር እጥበት ነው። ሞተሩ ሲበርድ ሁለቱንም ማኒኮቶ ንቀል። አልላቀቅ ካለህ ጎትተህ ቧንቧውን ከምታጣምም ማኒኮቶውን በቁመቱ ሰንጥቀህ ጣለው። ከዚያ በመመለሻው በኩል ቀስ ያለ ውሃ ልቀቅ፣ ቆሻሻው በመግቢያው ይውጣ። ግፊት አታብዛ፤ ራዲያተሩ ውስጥ ከፈነዳ የፈራኸው ክሩስኮት መውረዱ ነው። የሚወጣው ውሃ ቡናማ ከሆነ ኩላንቱን በሙሉ ቀይር፤ ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅል እንጂ በባዶ ውሃ አትሙላት።