የፕሬዚዳንቱን ሥልጣን ለ9ኛ ክፍል እንዴት ላስተምር?

መምህርት ከአዘዞ
ሰላም ለዚህ ቤት። የዜግነት ትምህርት ላይ የፕሬዚዳንቱ ሥልጣንና ተግባር ደርሶብኛል። ያለኝ አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ተማሪዎቹ ደግሞ 60 ናቸው። ፕሬዚዳንት ምን ይሠራል ሲባሉ «ጦር ያዛል፣ ሚኒስትር ይሾማል፣ ሕግ ይሽራል» ነው የሚሉት። ጎንደር ያላችሁ መምህራን፣ ከመጽሐፍ ከማስገልበጥ የተሻለ ዘዴ ካላችሁ ጣል አድርጉልኝ።

የሲቪክስ ሰው፣ ማራኪ
ልጆቹ ሌሎች ፕሬዚዳንቶችን ነው የሚነግሩሽ። ጦር የሚያዘውና ሕግ የሚመልሰው የአሜሪካው ነው፤ ከፊልምና ከዜና ይዘውታል። ቤተሰብ ደግሞ የኢሕዲሪን (በደርግ ማብቂያ የነበረውን ሪፐብሊክ) ዘመን ፕሬዚዳንት እያስታወሰ ያንኑ ያጠናክርላቸዋል። እዚሁ ጎንደር «ፕሬዚዳንት» ሲባል የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ትዝ የሚለውም ብዙ ነው፤ እሱ ደግሞ በእርግጥም አስፈጻሚ ነው። መጀመሪያ ይህን 5 ደቂቃ ወስደሽ አጥሪ።

ከዚያ 12 ካርድ ከካርቶን ቁረጪ። 7ቱ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 ይሁኑ፦ የሁለቱን ምክር ቤቶች (የሕዝብ ተወካዮችንና የፌዴሬሽንን) ዓመታዊ ስብሰባ መክፈት፣ ሕግን በነጋሪት ጋዜጣ ማወጅ፣ አምባሳደር መሾም፣ የውጭ አምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ መቀበል፣ ኒሻንና ሽልማት መስጠት፣ ከፍተኛ ወታደራዊ ማዕረግ መስጠት፣ ይቅርታ ማድረግ። 5ቱ ከአንቀጽ 74፦ ጦሩን በጠቅላይ አዛዥነት መምራት፣ የሚኒስትሮችን ምክር ቤት መምራት፣ ዕጩ ሚኒስትሮችን ለፓርላማ ማቅረብ፣ የውጭ ፖሊሲን አፈጻጸም መቆጣጠር፣ ለፓርላማ ሪፖርት ማቅረብ። አምስት አምስት ተማሪ ያለው 12 ቡድን ይወጣሻል፤ ለአንድ ቡድን አንድ ካርድ ብቻ። ሁሉንም ካርድ ለሁሉም ከሰጠሽ ሁለት ጎበዞች ጨርሰውት ሌላው ያያል። የአንቀጽ ቁጥርም ካርዱ ላይ አትጻፊ፤ ማሰብ ትተው መጽሐፍ ይገልጣሉ።

ሰሌዳውን ለሦስት ክፈዪው፦ ፕሬዚዳንት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ «አንዱ አቅርቦ ሌላው ይሰጣል»። ክርክሩ የሚነሳው በሦስተኛው ላይ ነው። አምባሳደርና ወታደራዊ ማዕረግ እዚያ ይገባሉ፤ ፕሬዚዳንቱ የሚሰጠው በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ነውና። ለቡድን ውይይት 10፣ ለመለጠፍ 15፣ ለማረሚያ 10 ደቂቃ ይበቃል።

የሕግ ባለሙያ
ዘዴው ጥሩ ነው። ግን ተማሪው «ፕሬዚዳንቱ ማኅተም ብቻ ነው» ብሎ እንዳይወጣ። አንቀጽ 60 ላይ የነበረው ጣምራ መንግሥት አብላጫ ድምፁን አጥቶ ሲፈርስ፣ ፓርቲዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ጣምራ መንግሥት እንዲመሠርቱ የሚጋብዘው ፕሬዚዳንቱ ነው። አንቀጽ 28 ላይ ደግሞ እንደ ዘር ማጥፋትና ማሰቃየት ያሉ ወንጀሎች በይቅርታም በምሕረትም አይታለፉም፤ የሞት ፍርድን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ማሻሻል ግን ለርዕሰ ብሔሩ፣ ማለትም ለፕሬዚዳንቱ፣ ተትቷል። ይቅርታና ምሕረትን እዚሁ ለይታችሁ አስተምሩ፦ ይቅርታ ለተፈረደበት ሰው ፕሬዚዳንቱ የሚያደርገው ሲሆን፣ ምሕረት ግን በፓርላማ ሕግ የሚሰጥ ነው። በፈተና ላይ ሁሌም ይምታታል።

ፕሬዚዳንቱ ሕግ ላይ ስለሚያኖረው ፊርማ አንቀጽ 57ን ተጠቀሙ። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረመ ሕጉ ያለ ፊርማው ሥራ ላይ ይውላል። የአሜሪካው ግን ሕጉን መመለስ ይችላል፤ ያንን ለመሻር በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ይህን ልዩነት ያወቀ ልጅ ፓርላሜንታዊ ሥርዓት ምን እንደሆነ ገብቶታል ማለት ነው።

አራዳ
አንድ ልጨምር። የፕሬዚዳንቱን ዕጩ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል፤ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጣል። ዘመኑ 6 ዓመት ነው፤ የፓርላማው 5። ፕሬዚዳንትና ፓርላማ አብረው የማይቀየሩት ስለዚህ ነው። ለምሳሌ አቶ ታዬ አጽቀ ሥላሴ የተመረጡት መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፣ ምርጫ ባልነበረበት ዓመት። ቀኑ የመስከረም የመጨረሻው ሳምንት ሰኞ ነበር፤ ምክር ቤቱ በሕገ መንግሥቱ ሥራ የሚጀምርበት።

የክልሉን ርዕሰ መስተዳድር «ፕሬዚዳንት» የሚል ተማሪም አይጠፋም፤ ያ የክልል አስፈጻሚ ነው፣ ካርዱ ውስጥ አታስገቡት።

መምህርት ከአዘዞ
እግዜር ይስጥልኝ። የመውጫ ጥያቄዬ «ፕሬዚዳንቱ አልፈርምም ቢል ሕጉ ምን ይሆናል?» ይሆናል፤ መልሱን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ይሰጡኛል።