ክፉው ሲደላው «እግዜር ያውቃል» ማለት እምነት ነው ወይስ ስንፍና?

አወያይ፦ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በግንቦት 1983 ዓ.ም. አገር ጥሎ ከወጣ ጀምሮ ኑሮው ዚምባብዌ ነው። በ2000 ዓ.ም. በሌለበት ሞት ተፈረደበት፤ ሐራሬ ድረስ ሄዶ ማን ይነካዋል? በቀይ ሽብር ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች ግን «እግዜር ያውቃል» እንዳሉ ስንቶቹ አለፉ። ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ። ስድብ ክልክል ነው።

የመርካቶው፦ ስንፍና ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና። የአያቴን ልጅ በ1970 የቀበሌ አብዮት ጠባቂ ወስዶ ገደለው። ልቅሶ መቀመጥም አልተፈቀደላት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ታለቅስ እንደነበር እናቴ እስከ ዛሬ ታወራለች። ገዳዩ የሰፈር ሰው ነው። መንገድ ላይ «እንደምን አደሩ እማማ» ሲላት «እግዜር ይመስገን» ትለው ነበር። አርጅቶ በአልጋው ሞተ፣ እድሩም ድንኳን ጥሎ ቀበረው። የቱ ጋ ነው ፍርዱ?

ዲያቆኑ፦ ነፍስ ይማር ወንድሜ። አያትህ ዳዊት ይደግሙ ነበር? ከደገሙ በየረቡዑ መዝሙር 72 ይደርሳቸዋል (በሌላው አቆጣጠር 73)። አሳፍ እዚያ ላይ የኃጢአተኞችን ሰላም አይቼ ቀናሁ፣ እግሬ ሊንሸራተት ጥቂት ቀረው ይላል። እነሱ ወፍረዋል፣ እንደ ሰው መከራ አያገኛቸውም ብሎ ይከሳል። ይህ የከሓዲ ንግግር አይደለም፣ የምንጸልየው ጸሎት ነው። ስሞታውን ለእግዚአብሔር ማቅረብ ራሱ እምነት ነው። አበውም «እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም፣ ያደርጋል እንጂ ነገሩን እንዳይጥም» ይላሉ።

የመርካቶው፦ ተረቱን ተወው ዲያቆን። ሰውየው ነገሩ ጥሞት ነው የሞተው።

የደሴው፦ እኛም ዘንድ ሱረቱ ኢብራሂም 42ኛው አንቀጽ አላህን በዳዮች ከሚሠሩት ዘንጊ ነው ብለህ አታስብ ይላል። ቀኑ ተቀጥሯል እንጂ አልተረሳም። ለተበደለ ሰው ቀጠሮው እንደሚረዝምበት ግን አልክድም።

የአትላንታዋ፦ እዚህ የሆነውን ልንገራችሁ። በቀይ ሽብር የተገረፈች አንዲት ኢትዮጵያዊት እዚህ ከተማ ሆቴል ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ሊፍቱ ጋ ያስገረፋትን የከፍተኛ 9 (በደርግ ጊዜ ከቀበሌ በላይ የነበረው አስተዳደር) ሊቀመንበር አየችው፤ እሱም እዚያው ሆቴል ተቀጥሯል! ሦስት ሴቶች ሆነው ከሰሱት። እ.ኤ.አ. በ1993 ፍርድ ቤት ለእያንዳንዳቸው 500 ሺህ ዶላር ፈረደላቸው (ገንዘቡን ፈልጉት እንግዲህ)። ኋላ የአሜሪካ ዜግነቱን ተነጠቀና እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተላከ፤ የዕድሜ ልክ እስራት ይጠብቀው ነበር። እኔ ሊፍቱ ጋ ያገጣጠማቸው እግዚአብሔር ነው ባይ ነኝ። ጠበቃ ጋ የሄዱት ግን በእግራቸው ነው። «እግዜር ያውቃል» ብለው ቤታቸው ቢቀመጡ ኖሮ እስካሁን የሰው ሻንጣ ይሸከም ነበር።

የመርካቶው፦ ሐራሬ ሊፍት የለም?

ዲያቆኑ፦ ለዚህ መልስ የለኝም።

የመርካቶው፦ የአያቴ ዳዊት እኔ ጋ ነው፣ ቁም ሳጥን ላይ። አሁን አውርጄ ከፈትኩት። አንተ ያልከው ገጽ ዳሩ ከሌላው ይበልጥ ጠቁሯል፣ በጣት ብዛት። ፊደሉን አነባለሁ፣ ግዕዙ ግን አይገባኝም። በውስጥ መስመር ፎቶ ልልክልህና ትተረጉምልኛለህ? አመንኩ ማለቴ አይደለም።