የደሳሳ ሰፈሮች ማሻሻያ፦ በሁለተኛው ረቂቅ ፕሮፖዛል ላይ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልኝ። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የላካችሁትን አስተያየት አካትቼ ሁለተኛውን ለጥፌያለሁ። የችግሩ መግለጫ ብዙም አላከራከረም። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራና የቤት ጉዳይ ድርጅት፣ ዩኤን-ሃቢታት፣ በሚጠቀምባቸው አምስት መለኪያዎች ሄድን፦ ንጹሕ ውሃ፣ መጸዳጃ፣ የማይፈርስ ቤት፣ በአንድ ክፍል ከሦስት ሰው የማይበልጥበት ስፋት፣ የይዞታ ዋስትና። ጠቡ ያለው ክፍል ሁለት ላይ ነው። ቤቶቹ ፈርሰው ይሠሩ ወይስ ሰፈሩ ባለበት ይሻሻል? እስኪ በሉ።

ሒሳብ ያዥ፦
እኔ ፈርሶ ይሠራ ባይ ነኝ። ጥገና ማለቂያ የለውም። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ ገንዘብ የሚሰጠው አካል ቆሞ የሚታይ ነገር ይፈልጋል። ለተቀበረ ቱቦ ማን ሪባን ይቆርጥለታል?

የግንባታ ንዑስ ኮሚቴ፦
ሪባኑን ለሌላ ቀን እናቆየው ወንድሜ። ሰፈር ፈርሶ ሰዉ ወደ ከተማ ዳር ሲወሰድ ሥራው መሐል ከተማ ይቀራል። የትራንስፖርቱን ሲያሰላው አዲሱን ቤት አከራይቶ ወደ ሌላ ደሳሳ ሰፈር የሚመለሰው ብዙ ነው።

እኔ በምሳሌነት የማቀርበው በፓኪስታኗ ካራቺ ያለውን የኦራንጊ ሰፈር ነው። የልማት ባለሙያው አኽታር ሃሚድ ካን እ.ኤ.አ. በ1980 እዚያ የጀመሩት ድርጅት የፍሳሽ ሥራውን ለሁለት ከፈለው። የቤቱን መጸዳጃ፣ የቅያሱን ቱቦና መጋቢ መስመሩን ነዋሪው በራሱ ገንዘብ ይሠራል፤ ዋናው መስመርና ማጣሪያው የመንግሥት ነው። ከ20 እስከ 40 ቤት ያለው ቅያስ ተወካይ መርጦ፣ አዋጥቶ ይቆፍራል። ድርጅቱ የሰጠው ንድፍ፣ የዋጋ ግምትና የቴክኒክ ምክር ነው። ኮንትራክተር ስለሌለበት ወጪው በእጅጉ ቀነሰ። የኢንዶኔዥያዋ ጃካርታም እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በመንደሮቿ የእግር መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ፣ የውሃ ቦኖና የመሳሰሉትን ነው የሠራችው፤ ቤቱን ሰዉ ራሱ አደሰው። አንባረርም ብሎ ካመነ ያድሳል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። ዋና መስመር በሌለበት የቅያስ ቱቦ ቆሻሻውን ወደ ታችኛው ሰፈር ነው የሚያሻግረው። ማዘጋጃ ቤቱ ዋናውን መስመር ለመሥራት በጽሑፍ ሳይፈርም አንድ ሜትርም አይቆፈር።

የሴቶች ንዑስ ኮሚቴ፦
መስመሩ እስኪደርስ ሰው የት ይጠቀም? አንዳንዱ ቤትማ መጸዳጃ የሚያስገባ ቦታም የለው። የሕንዷ ፑኔ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የጋራ መጸዳጃ ስታስገነባ የድሃ ሴቶች የቁጠባ ስብስብ የሆነው ማሂላ ሚላን ከንድፉ ጀምሮ ገብቶበት ነበር። ለሕፃናት ለብቻ ተሠራላቸው፤ ወረፋ ላይ አዋቂ ሕፃኑን እየገፋ ያልፋልና። ጠባቂውም እዚያው እንዲኖር ማደሪያ ተሰጠው። ረቂቁ ውስጥ የጠባቂ ደሞዝ አላየሁም። ጠባቂ የሌለው መጸዳጃ ዓመት አይቆይም።

የተከራዮች ተወካይ፦
ሁላችሁም ስለ ባለቤት ነው የምታወሩት። ቱቦው ይገባል፣ መንገዱ ይነጠፋል፣ በወሩ አከራዩ ኪራይ ይጨምራል። የናይሮቢን ደሳሳ ሰፈሮች ውሰዱ፤ አብዛኛው ነዋሪ ተከራይ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ «የነዋሪ መዋጮ» የሚወጣው ከማን ኪስ ነው? አዋጥቼ፣ ቆፍሬ፣ ሰፈሩ ሲያምር እኔው ልውጣ?

ሒሳብ ያዥ፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ፤ ግን አከራይን በምን እናስገድደዋለን? ውሉ እንኳ የቃል ነው።

የተከራዮች ተወካይ፦
ማስገደድ አላልኩም። መስመር ወደ ግቢው የሚገባው ሲፈርም ይሁን። ለአምስት ዓመት ኪራዩ ከተስማማንበት ጣሪያ አያልፍም፣ ነባር ተከራይ አይወጣም፣ ተከራይ ያዋጣው ከኪራይ ይታሰብለታል። ካልፈረመ ቱቦው በደጁ ይለፍ።

የግንባታ ንዑስ ኮሚቴ፦
ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ቴክኒኩ ግን አያስኬድም። ያልተገናኘ ግቢ ፍሳሹን መንገድ ላይ ይለቃል። የሚታመመው ደግሞ ያው ተከራይ ነው። ይልቅ ቅያሱ በሙሉ ተራ የሚያገኘው አከራዮቹ ሁሉ ሲፈርሙ ቢሆንስ? ያኔ እምቢተኛውን የሚለምነው ጎረቤቱ ነው።

የተከራዮች ተወካይ፦
ይሁን። አንድ እምቢተኛ ቅያሱን ሁሉ ለዘላለም እንዳያግት ግን መፍትሔ ይጻፍለት።

ጸሐፊ፦
ስለ መሬት ይዞታ ምሳሌ ልጨምር። በፖርቶ ሪኮዋ ሳን ሁዋን፣ በካኞ ማርቲን ፔኛ የውሃ ቦይ ዙሪያ ያሉ ነዋሪዎች ቦዩ ሲጸዳ መሬቱ ተወድዶ እንዳይነቀሉ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ሕግ መሬቱን በጋራ አደራ አስይዘዋል፤ ቤቱ የግል፣ መሬቱ የጋራ ነው። ታይላንድም እ.ኤ.አ. በ2003 በጀመረችው ባን ማንኮንግ በተባለ የደሳሳ ሰፈሮች ማሻሻያ ፕሮግራም ብድሩን የምትሰጠው ለማኅበር ነው። ለእኛ በሁለተኛው ምዕራፍ የሚታይ ይመስለኛል፤ አሁን ከጨመርነው ፕሮፖዛሉ ይከብዳል።

ሰብሳቢ፦
ተስማምቻለሁ፣ መሬቱ ይቆይ። ክፍል ሁለት «ባለበት ይሻሻል» ተብሎ ከፍሳሽ መስመር ይጀምር። የሒሳብ ያዥ ተቃውሞ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። የአከራዮች ስምምነት የቅያስ ተራ መስፈርት ሆኖ ይግባ፤ ለእምቢተኛው ጉዳይ የተከራዮች ተወካይና የግንባታው ክፍል አንድ አንቀጽ አምጡ። የጠባቂ ደሞዝ በጀት ውስጥ ይግባ። የነዋሪዎች ቆጠራ ቅጹ ላይም ተከራዩ ስንት ዓመት እንደኖረና ስንት እንደሚከፍል ይጠየቅ፤ ያለዚያ የኪራይ ጣሪያ ከምን ተነሥተን እንወስናለን?

ሒሳብ ያዥ፦
እሺ፣ ተቃውሞዬ ከተያዘ ይበቃኛል። በጀቱን በቅያስ ከፋፍዬ እሠራለሁ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ፊርማ ሳይመጣ ግን የዋናውን መስመር ወጪ በእኛ ስም አልጽፍም።