300 ባር የሚል ኮምፕረሰር መጣልኝ፤ ለጎሚስታ ይሆናል ወይ?

የቡሬው ጀማሪ

ሰላም ለዚህ ቤት። ቡሬ ነኝ። ወደ ነቀምት በሚወጣው መንገድ ዳር አንዲት ቆርቆሮ ቤት ተከራይቼ ጎሚስታ ልጀምር ነው። ክሪኩ፣ መዶሻው፣ ጎማ ማውለቂያ ብረቱ ሁሉ ተሟልቷል። የቀረኝ ኮምፕረሰር ብቻ ነበር። የእህቴ ባል ዱባይ ነው የሚሠራው፣ ጎማ ቤት ልከፍት ነው ስለው ደስ ብሎት አንድ ኮምፕረሰር በሻንጣ ይዞልኝ መጣ። ትንሽዬ ናት፣ የመኪና ባትሪ ብታክል ነው። ታንከር የላትም። ላይዋ ላይ 300 ባር፣ 4500 ፒኤስአይ ይላል። በ12 ቮልትም በ220ም ትሠራለች። እኔ ስለማመድ የነበረበት ጎሚስታ ጋ ያለው ኮምፕረሰር 8 ባር ሲደርስ ይቆማል፣ ይቺ 300! ሲኖ ጎማ በአንድ ትንፋሽ ትሞላለች ብዬ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ችግሩ አፏ ከጎማ ቫልቮላ ጋር አይገጥምም። ቱቦዋም ቀጭን ናት። አንድ ብየዳ ቤት ማገናኛ እሠራልሃለሁ ብሎ ቀብድ ተቀብሎኛል። ጥያቄዬ፣ ይሄ ነገር ያዋጣል ወይ? ዘይቷስ ምን ዓይነት ነው? የሞተር ዘይት ጠብ ባደርግባትስ? ካልሆነች ደግሞ ምን ልግዛ? የምታውቁ ንገሩኝ።

ጋሼ ጎማ (ፍኖተ ሰላም)

ልጄ፣ መጀመሪያ ከሶኬት ንቀላት። ቀጥሎ ለብየዳው ደውለህ ተው በለው። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

የኢሱዙ ጎማ 6 ባር አካባቢ ነው የሚሸከመው። የባጃጅ ደግሞ 2 ገደማ። 300 ባር የሚገፋ ነገር መቆጣጠሪያ በሌለው ማገናኛ ጎማ ላይ ሰክተህ ስልክ ስታነሳ ብትዘናጋ፣ ጎማው አይጠብቅህም። እኔ 20 ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ፣ በ8 ባር ኮምፕረሰር እንኳ የቸርኬ ቀለበት፣ ጎማውን ቸርኬው ላይ የሚይዘው ብረት፣ ተስፈንጥሮ ጣሪያ ሲበሳ አይቻለሁ። ሰው ቢሆንስ ኖሮ?

ከስደት ተመላሽ (ባሕር ዳር)

ይቺን ዕቃ አውቃታለሁ። ዓረብ አገር የስፖርት ዕቃ መጋዘን ውስጥ ስሠራ በየቀኑ ነበር የምናያት። የእህትህ ባል አልተሳሳተም፣ ኮምፕረሰር ብሎ ጠየቀ፣ ኮምፕረሰር ሰጡት። ግን የተሠራችው ለአየር ጠመንጃ ነው። ባሩድ የለውም፣ ጥይቱን የሚገፋው የታመቀ አየር ነው። ሰደፉ ሥር ወይ አፈሙዙ ሥር ትንሽ ሲሊንደር አለው፣ እሱ እስከ 200፣ አንዳንዱ እስከ 300 ባር ይሞላል። ይቺ ማሽን ያንን ለመሙላት ናት።

አሁን ዋናውን ነገር ስማኝ። ባር ማለት የአየሩ ጉልበት ነው፣ ብዛቱ አይደለም። አንተ ደግሞ የምትፈልገው ብዛት ነው። በስሪንጅ እንስራ እንደ መሙላት ቁጠረው። ስሪንጁ ውሃውን ግድግዳ ድረስ ይረጨዋል፣ እንስራው ግን እስኪመሽ አይሞላም።

ቁጥር ካልክ ይኸው። እኛ ጋ የነበሩት ግማሽ ሊትር ሲሊንደር ከባዶ 300 ባር ለማድረስ ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጅባቸው ነበር። ግማሽ ሊትር በ300 ሲባዛ 150 ሊትር አየር ነው። በደቂቃ 10 ሊትር መሆኑ ነው። የሲኖ ጎማ ውስጡ በግምት 150 ሊትር ይይዛል፣ 8 ባር ለማድረስ 1,200 ሊትር አየር ይበላል። ሁለት ሰዓት! ያውም ሳታርፍ። ይቺ ደግሞ ሳታርፍ አትሠራም፣ ከ10 ወይ ከ15 ደቂቃ በኋላ ትግላለች፣ አጥፍተህ እስክትበርድ መጠበቅ አለብህ። ሾፌሩ እዚያው ምሳና እራቱን ይበላል።

የቡሬው ጀማሪ

እንዴ! ብዛትና ጉልበት ለየቅል ናቸው ለካ። እኔ እኮ ቁጥሩ ሲበልጥ ይበልጣል ብዬ ነው። እሺ ጋሼ፣ ነቅያታለሁ። ዘይት ግን ትንሽ ጨምሬባታለሁ፣ ችግር አለው?

ከስደት ተመላሽ (ባሕር ዳር)

አለው እንጂ! የት ነው የጨመርከው? ማርሹና ክራንኩ ያለበት ክፍል የራሱ ዘይት ካለው፣ መመሪያዋ የሚለውን ዓይነት ብቻ ነው የሚቀበለው። አየሩ በሚያልፍበት በኩል ግን የሞተር ዘይትም ግራሶም ፈጽሞ አይነካትም። ናፍጣ ሞተር ያለ ካንዴላ የሚነሳው በምን ሆነና? አየሩ ሲታመቅ ስለሚግል አይደል? እዚህም ያው ነው፣ አየር 300 ባር ሲታመቅ በጣም ይግላል፣ እዚያ ውስጥ የዘይት ትነት ካገኘ ይቀጣጠላል። ለዚህ ነው ኦሪንጎቿን፣ አየር እንዳያመልጥ የሚይዙትን ቀለበቶች፣ በሲሊኮን ዘይት ብቻ የሚቀቡት፣ እሱንም ጠብታ።

ለሚመለከተው ሰው ልትሸጣት ትችላለህ፣ ስለዚህ አያያዟን ልንገርህ። ቀዳሚ ጠላቷ ሙቀት ነው፣ ሁለተኛው እርጥበት። አየር ሲታመቅ ውስጡ ያለው ውሃ ይጨመቃል። መውጫዋ ላይ ትንሽ ማጣሪያ አላት፣ ውስጡ ጥጥ የመሰለ ነገር አለ፣ ሲረጥብ ይቀየራል። ስትጨርስ መጀመሪያ ማስተንፈሻ ብሎኗን ፈታ አድርገህ አየሩን ታስወጣለህ፣ ጌጁ ዜሮ ሲል ነው ቱቦው የሚነቀለው። ግፊት እያለበት ቱቦ የነቀለ ሰው ጣቱን ይቆጥራል። የፒስተን ፋሻዋና ኦሪንጎቿ ቶሎ ያልቃሉ፣ መለዋወጫ አብሮ መጥቶ ከሆነ እንዳትጥለው። ከመጠን ያለፈ ግፊት ሲመጣ የምትቀደድ ስስ መዳብ ነገርም አለቻት። ያቺ ስትቀደድ በራሷ ዓይነት ነው የምትተካው እንጂ በጣሳ ቆርቆሮ አይደለም። ይህን የምለው ሲደረግ አይቼ ነው።

ኤሌክትሪሻኑ (ደብረ ማርቆስ)

ሁላችሁም ሰላም። እኔ ስለምትገዛው ልናገር። ሱቅ ስትገባ ሻጩ "ስንት ሊትር ታንከር፣ ስንት ባር" ይልሃል። አንተ "በደቂቃ ስንት ሊትር ያወጣል" በለው። እሱም ቢሆን ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ፒስተኑ የሚስበው ነው፣ ቱቦው ጫፍ የሚደርሰው ከዚያ ያንሳል።

አንድ ማንም የማይነግርህ ነገር ደግሞ አለ። እኛ ያለነው ደጋ ነው። ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ቡሬም ከ2,000 ትበልጣለች። እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ ማርቆስ ላይ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይጎድላል። ፒስተኑ ያንኑ ያህል ጊዜ ይመላለሳል፣ የሚስበው ግን የሳሳ አየር ነው። የቤንዚን ሞተር ያለው ኮምፕረሰር ከገዛህ ሞተሩም ራሱ በዚያው ልክ ይደክማል። ስለዚህ "ይበቃኛል" ካልከው አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ውሰድ።

ለባጃጅ፣ ለቤት መኪናና ለኢሱዙ በቺንጋ የሚዞር ባለ ሁለት ፒስተን፣ 3 ፈረስ ጉልበት፣ 200 ሊትር ታንከር ያለው ይበቃሃል። ሞተሩ ከፒስተኑ ጋር ቀጥታ የተገጠመው ትንሹ ዓይነት ይረክሳል፣ ግን በደቂቃ ወደ 3,000 ዙር ይሽከረከራል፣ ይጮኻል፣ ይግላል፣ ዕድሜው አጭር ነው። የቺንጋው ረጋ ብሎ ነው የሚሠራው። ሲኖን አስበህ ከሆነ ከ10 ባር በላይ የሚሰጥ፣ አየሩን በሁለት ደረጃ የሚያምቅ ያስፈልግሃል። እሱ ደግሞ አብዛኛው ስሪ ፌዝ ነው፣ በሦስት መስመር በሚመጣ መብራት የሚሠራ፣ ቤቱ ስሪ ፌዝ ከሌለው አትድከም።

ገመድ ላይ አትቆጥብ። ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል። በቀጭን ኤክስቴንሽን ካስነሳኸው ቮልቱ ይወርድና ሞተሩ "እምምም" እያለ ይቆማል፣ ከዚያ ካፓሲተሩ ወይ ጥቅልሉ ይቃጠላል። ማታ ማታ መብራቱ ሲደበዝዝ አታስነሳው። ሌላ ምልክት፣ ኮምፕረሰሩ ሞልቶ ሲቆም "ጭስስ" ብሎ መተንፈስ አለበት። ያ ድምፅ ከፒስተኑ በላይ የታመቀው አየር ሲወጣ ነው፣ ቀጥሎ ቀለል ብሎት እንዲነሳ። ድምፁ ከጠፋ ቫልቮላው ተዘግቷል ማለት ነው፣ ሞተሩን ሳያቃጥል አስጠግነው።

እትዬ ዳንግላ

የኔ ወንድም፣ ባለቤቴ ጋር 11 ዓመት ጎማ ቤት ይዘናል። ሒሳቡን እኔ ነኝ የምይዘው፣ ኮምፕረሰሩንም እኔ ነኝ የማፈስሰው። አትሳቁ! ታንከሩ ሥር ያለችውን መክፈቻ ማታ ማታ ካልከፈትክ ውሃው እዚያው ይተኛል። ክረምት ላይ ዝናቡን ታውቁታላችሁ፣ አንድ ቀን ብርሌ ይዤ ብቀበለው ሞላልኝ። መልኩ ቁርጥ ጠጅ። ያ ማለት ታንከሩ ከውስጥ እየዛገ ነው።

የመጀመሪያ ኮምፕረሰራችንን አሮጌ ነበር የገዛነው። ቀለሙ አዲስ፣ ድምፁ ጥሩ። በሦስተኛው ወር ሆዱ ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ አወጣ። ባለቤቴ ብየዳ ይነካው አለ፣ እኔ እምቢ አልኩ። የበላውን ዝገት ብየዳ አይመልሰውም፣ እዚህ ብትደፍነው እዚያ ይፈነዳል። ለቁርጥራጭ ብረት ሸጥነው። አሮጌ ከገዛህ ቀለሙን ተወው፣ የሥሩን መክፈቻ ክፈትና የሚወጣውን ውሃ እይ፣ በትንሽ መዶሻም ሆዱን ኳ ኳ አድርገው። የታፈነ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ካለ ጥለኸው ሂድ። የጋዝ ሲሊንደር በይዶ ታንከር ያደረገውንማ በነፃ ቢሰጡህ እንዳትቀበል።

ፊልትሮውን በሳምንት አንዴ አራግፈው፣ የመንገድ ዳር አቧራ ፒስተን ይበላል። ዘይቱ የኮምፕረሰር ዘይት ይሁን፣ በመስታወቷ እኩሌታ ድረስ። አዲስ ከሆነ የመጀመሪያው ዘይት ቶሎ ይቀየራል፣ ብረት ብናኝ ይይዛል። ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ጣት ያህል ይርገብ። ሴፍቲ ቫልቮላውን ቀለበቱን ይዘህ በየሳምንቱ ሳብ አድርገው፣ ካልተነፈሰ ተጣብቋል።

የሲኖ ሾፌር

እኔ ደንበኛ ነኝ፣ በደንበኛ ዓይን ልናገር። ከነቀምት በቆሎ ጭኜ ስመጣ ቡሬ ላይ የምቆመው ማን ጋ ይመስላችኋል? ጌጁ የማይዋሸው ጋ። ግማሹ ጎሚስታ ጌጁ ሞቶ በመዶሻ መታ መታ እያደረገ "በቃው" ይላል። ሁለት ጌጅ ይኑርህ፣ አንዱን በሌላው ፈትሸው።

ቱቦህ ረጅም ይሁን፣ ጫፉ ቫልቮላውን በራሱ የሚነክስ ይሁን። ቆልፈህበት ራቅ ትላለህ፣ ፊት ለፊት ግን አትቁም። ደግሞ የዓባይን ቁልቁለት ወርዶ የመጣ ሾፌር "ጎማው ግሏል፣ አየር ቀንስልኝ" ቢልህ እንዳትቀንስለት። ፍሬን ነው ያጋለው፣ ሲበርድ ይጎድላል፣ የጎደለው ጎማ ደግሞ ዳገቱ ላይ ይቃጠላል። እኔም ድሮ አስቀንስ ነበር፣ ሁለት ጎማ ከፍዬበት ነው የተማርኩት።

የቡሬው ጀማሪ

እግዜር ይስጣችሁ፣ በተለይ ጋሼና እትዬ። ስሪ ፌዝ የለኝም፣ ስለዚህ በባለ 3 ፈረሱ ልጀምር፣ ሲኖው ይቆየኝ። ትንሿን ለእህቴ ባል መልሼ ልሰጠው ነው፣ ዱባይ ወስዶ ይሽጣት፣ ዘይት እንደገባባትም ልነግረው ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ብየዳው ማገናኛውን ተው ብለው ቀብዱን አልመልስም አለኝ።

ጋሼ ጎማ (ፍኖተ ሰላም)

አትጣላው፣ ሥራ ስጠው። ከወፍራም ቧንቧ ጎማ የሚገባበት የብረት አጥር ይበይድልህ። ባለ ቀለበት ቸርኬ ሲመጣ እዚያ ውስጥ አስገብተህ ትነፋዋለህ። ቀለበቱ ቢወጣ አጥሩ ይይዘዋል። የኔ ጣሪያ ከተበሳ በኋላ ነው ያሠራሁት። ልኩን ከፈለግህ ቅዳሜ ገበያ ስትመጣ እለፍ፣ ሜትር ይዘህ ና።