«ላንድሌዲ»ን ኮማሪት ብንላት ትቆጣ ይሆን?

ሰንበሌጥ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የቃል ችግር ይዤ መጥቻለሁ።

የምኖረው ማንቸስተር አጠገብ ነው። ብርዱ ሲጠናብኝ የድሮ «ኮሮኔሽን ስትሪት» ክፍሎችን እንደገና ማየት ጀመርኩ። የአገሬው ሰው «ኮሪ» ነው የሚለው። ድራማው ታኅሣሥ 1960 ጀምሮ ዛሬም አላለቀም (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። አይቲቪ 3 በ2017 ከ1986 ክፍሎች ተነስቶ መድገም ሲጀምር ትንሽ አይቼ ትቼው ነበር። አሁን ግን አብራኝ የምታይ ሰው መጣች፣ እናቴ። እንግሊዝኛ ስለማትችል ሶፋው ላይ ተቀምጬ አስተረጉምላታለሁ። ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሮቨርስ ሪተርን የሚባለው መጠጥ ቤት የሰፈሩ እምብርት ነው። ድሮ ቤቱን የምትመራው አኒ ዎከር ናት። «ላንድሌዲ» ሲሏት እኔ ቸኩዬ «አከራይዋ» አልኩ። እማዬ ሁለት ክፍል ሙሉ ዝም ብላ አየችና «ተከራዮቹስ መቼ ነው የሚመጡት?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ሌላም አለኝ። «ማይዘር» የሚል ግስ አለ፣ «አትማይዘሪኝ» ይባባላሉ። የቤተሰብ ሰው ሲጠሩ ደግሞ ስሙ ላይ «የኛ» ይጨምራሉ፣ «የኛ ኬን» እንደማለት። ክፍሉ ጉድ ላይ ሲደርስ ቆርጠው ጥለውን የሚሄዱት ነገርስ በአማርኛ ማን ይባላል?

ፊደል ቆጣሪ፦

ሰንበሌጥ ልጄ፣ ላንድሌዲ ማለት እኮ ኮማሪት ናት። ቃሉ እያለን ለምን እንጨነቃለን? ኮማሪት ጠጁን ወይም ጠላውን አዘጋጅታ፣ ቤቷን ከፍታ፣ እንግዳ ተቀብላ የምታስተናግድ ሴት ናት። የምትሸጠው መጠጥ ይሁን እንጂ የምትይዘው ቤቱን ነው። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ታውቃለች። ማን ዱቤ እንዳለበት ታውቃለች። የሰከረውንም ታስወጣለች። ከዚህ ውስጥ አኒ ዎከር ያላደረገችው የትኛው ነው?

የመርካቶ ልጅ፦

ጋሼ፣ ይቅርታዎን፣ ዛሬ አንዷን ባለ ግሮሰሪ «ኮማሪት» ብላት በጥፊ ነው የምታልሰኝ። ቃሉ ወርዷል። ሰው ሲሰማው ጠጁን ሳይሆን ሌላ ነገር ነው የሚያስበው።

«ባለቤቷ» ቢባልስ? እንዳልል እሱም ጣጣ አለው። አኒ ባል አላት፣ ጃክ ዎከር። «ባለቤቷ መጣ» ስንል ጃክ ነው ወይስ ቤቱ የማን እንደሆነ እየተናገርን ነው? «አሳላፊ» ደግሞ አይሆንም። አሳላፊ ያቀርባል እንጂ ቤቱ አይደለም የሱ።

ፊደል ቆጣሪ፦

ቃል ወረደ ተብሎ አይጣልም፣ ይነሳል እንጂ። ግን ስለ ጥፊው ልክ ነህ።

ሰንበሌጥ፦

ጋሼ፣ «ኮማሪት» የሚለውን ለእማዬ ነገርኳት። ሳቀች። አኒን ለማታውቋት፦ ቢራ እየሸጠች ራሷን ከጠጪዎቹ ሁሉ በላይ የምታይ ሴት ናት። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ቃላቷን መርጣ፣ እያንዳንዱን ብርጭቆ እንደ ውለታ ነው የምትሰጠው። ዶሪስ ስፒድ የምትባል ተዋናይት ነች የተጫወተቻት። የእማዬ ፍርድ እንዲህ የሚል ነው፦ «ይቺማ ወይዘሮ ናት። ኮማሪትነቷን አታውቀውም እንጂ።»

ከዚያ ወደ ሰማንያዎቹ ስንዘል ቤቱን የምትመራው ቤት ሊንች ሆነች። (ስሟ ነው «ቤት»። ለአስተርጓሚ ይህም ፈተና ነው፣ «ቤት ቤቱን ዘጋች» እስከማለት ደርሻለሁ።) የነብር ቆዳ የሚመስል ልብስ፣ እስከ ትከሻ የሚወርድ የጆሮ ጌጥ፣ ወደ ላይ የተቆለለ ቢጫ ጸጉር። እማዬ ገና እንዳየቻት፣ «አዎ፣ ይቺ ኮማሪት ናት» አለች። በፍቅር ነው ያለችው። ስለዚህ በኛ ቤት ተወስኗል። ቃሉ ለቤት ሊንች ይሠራል፣ አኒ ዎከር ግን ትቆጣለች።

ከለንደን፦

እኔ የምሥራቅ ለንደን ሰው ስለሆንኩ «ኢስትኤንደርስ» ነው የማየው፣ ከ1985 ጀምሮ ያለውን። እዚያ ድራማ ላይ የኩዊን ቪክ መጠጥ ቤት ላንድሌዲ ፔጊ ሚቸል ሰው ስታባርር የምትጮኸው ጩኸት እዚህ የታወቀ ነው፣ «ከመጠጥ ቤቴ ውጣ» የሚለው። ሳስበው በአማርኛ ይበልጥ ያምራል፣ «ውጣልኝ!» «ልኝ» የሚለው ብቻውን ሰውየውን በሩ ላይ ያደርሰዋል። ኮማሪት የሚለውን እደግፋለሁ።

ቆርጦ መሄዱን በተመለከተ፣ የኢስትኤንደርስ ተመልካች «ዱፍ ዱፍ» ይለዋል። አንዱ ገጸ ባሕርይ ፊቱ ደንግጦ ሲቀር የሚመጣው የከበሮ ድምፅ ነው። የምንኮርጀው ከሆነ «ዱም ዱም» ይበቃናል።

የመርካቶ ልጅ፦

እንግሊዝኛው «ክሊፍሃንገር» ሲል ሰውየውን ነው ገደል አፋፍ ላይ የሚያንጠለጥለው። አማርኛ ደግሞ የተመልካቹን ልብ ያንጠለጥላል። «ልብ አንጠልጣይ» የምንለው ለዚህ ነው። ግን «ልብ አንጠልጣይ» ሙሉውን ታሪክ ነው የሚገልጸው። ለመጨረሻዋ ደቂቃ ብቻ የሚሆን ስም የለንም። «ማንጠልጠያ» እንበል ብዬ ነበር፣ ከዚያ ሰው ኮት እንዳይሰቅልበት ፈራሁ።

ፊደል ቆጣሪ፦

ስም ለምን ትፈልጋላችሁ? አማርኛ ግስ ነው የሚወደው። «ልባችንን አንጠልጥሎ ተወን» ብትሏት እናትሽ ወዲያው ይገባታል። የእንግሊዝኛ ስም ባየን ቁጥር ስም መፈለግ ልማድ ሆኖብናል። እኔ ራሴ ለዓመታት ፊልም ስተረጉም የሠራሁት ስህተት ነው።

ስለ «ማይዘር» ልናገር። «ጨቀጨቀ» እንዳትይ። ጭቅጭቅ ሁለት ሰው ይፈልጋል። «ነዘነዘ» ነው የሚሻለው። ነዝናዥ ብቻውን ይበቃል፣ ሌላው ራሱን ይዞ ይቀመጣል። ባል በልቶ ጋዜጣ ሊያነብ ሲል ሚስት ስለ ቧንቧው ደጋግማ ብታነሳ ጭቅጭቅ አይደለም፣ ንዝንዝ ነው። ባልየው አፍ ሲከፍት ያኔ ጭቅጭቅ ይሆናል።

ሰንበሌጥ፦

ጋሼ እጅ ነሳሁ። የኮሪዎቹን ባልና ሚስት ስታንና ሂልዳ ኦግደንን እንዳዩአቸው ነው የጻፉት። ስታን ሥራ የማይወድ፣ ሂልዳ ጸጉሯን በመጠቅለያ ጠቅልላ የማትፈታ። ሮቨርስን የምታጸዳውም እሷ ናት፣ ወሬውንም አብራ ነው የምትጠርገው። እማዬ «ወሬ ለቃሚዋ» ትላታለች።

ፊደል ቆጣሪ፦

«የኛ ኬን» የሚለውን ረሳን። «ኬንዬ» አትበሉት፣ ያ ማቆላመጥ ነው። የሰሜን እንግሊዙ «የኛ» የዝምድና ነው፣ ከሌላው ቤት ኬን ለመለየት። «የኛው ኬን» ጥሩ ነው። «የኛው» በፍቅርም ይባላል፣ በሽሙጥም ይባላል። «የኛው ምሁር መጣ» እንደምንለው።

ሰንበሌጥ፦

ሽሙጡ እንዴት እንደገጠመ! የመጀመሪያው ክፍል ላይ ኬን ባርሎው ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ነው። ወላጆቹ ጋር ማዕድ ቀርቦ፣ አባትየው የሶስ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ሲበላ ኬን ፊቱን ያጨማድዳል። አባትየው ያያል። ጠቡ ሁሉ የሚነሳው ከዚያች ጠርሙስ ነው። እማዬ ይህን ሳልተረጉምላት ገባት። «ተምሮ በእናቱ ሽሮ አፈረ» አለች።

ስለ ምግብ ካነሳን፣ እዚህ «ሻይ» ማለት እራት ነው። ቀትር ላይ የሚበላው ደግሞ በሌላው እንግሊዝ እራት በሚባለው ስም ይጠራል። ይህን ሳላውቅ ጎረቤቴ «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለሻይሽ ነይ» ብትለኝ፣ ጥግብ ብዬ በልቼ፣ ብስኩት ይዤ ሄድኩ። ድንች፣ ሥጋ፣ አተር፣ መረቅ። የቀረበውን ሁሉ በላሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ግን እኛም እኮ «ቡና ጠጡ» ስንል ቡና ብቻ ነው እንዴ?

ከለንደን፦

ሮቨርስ ውስጥ እነ ኢና ሻርፕልስ የሚቀመጡባት ትንሽ ክፍልስ ምን ትባል? ሦስት አሮጊቶች ጥቁር ቢራ ይዘው ሰው የሚያሙባት።

የመርካቶ ልጅ፦

ጓዳ! የጓዳ ወሬ የሚባለው ያው ነው። መጠጥ ቤት ጓዳ ካለው ማለቴ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦

ጓዳ ጥሩ ነው። ሙቀትም ምሥጢርም አለበት። ማርታ ሎንግኸርስት የሞተችው እዚያችው ክፍል ውስጥ አይደል፣ በ1964? ጠጅ ቤት ጥግ ሞተች ከማለት ጓዳ ውስጥ ሞተች ማለት ልብ ይነካል።

ስለ «ሶፕ ኦፔራ» ማንም አልጠየቀም፣ ግን ልበል። «የሳሙና ኦፔራ» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ፣ አፈርኩ። በ1930ዎቹ አሜሪካ የሬዲዮ ድራማዎቹን ገንዘብ ይከፍሉላቸው የነበሩት እንደ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ያሉ የሳሙና ፋብሪካዎች ስለነበሩ በፌዝ የወጣ ስም ነው። «ተከታታይ ድራማ» በሉት፣ ሳሙናውን እዚያው ተዉት።

ሰንበሌጥ፦

የኮሪ ፈጣሪ ቶኒ ዋረን መጀመሪያ ያወጣለት ስም «ፍሎሪዘል ስትሪት» ነበር። ሻይ የምታቀርብ ሴት የመጸዳጃ ቤት መድኃኒት ይመስላል አለች ይባላል፣ ስሙም ተቀየረ። ከሳሙና ባያመልጥም ከበረኪና አምልጧል።

ከለንደን፦

አንድ የሰሜን አባባል ልጨምር፣ «ላይዋ ፀጉራም ካፖርት፣ ውስጧ ባዶ»። እውነተኛው ቃል የውስጥ ልብስ ነው የሚጠራው፣ እኔ አለሳልሼዋለሁ።

ፊደል ቆጣሪ፦

«ውስጡን ለቄስ።» አለቀ።

ሰንበሌጥ፦

እሺ፣ የመጨረሻውና ከባዱ። ሂልዳ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ሙሉ የተራራ ሥዕል ለጥፋለች። ላዩ ላይ ሦስት የሚበሩ ዳክዬዎች ተሰቅለዋል፣ የመካከለኛዋ ሁልጊዜ ዘንበል ያለች። የግድግዳ ሥዕል በእንግሊዝኛ «ሚውራል» ነው። ሂልዳ ግን «ሚውሪየል» ነው የምትለው፣ የሴት ስም። «የኔ ሚውሪየል» እያለች ትኮራበታለች። በ1987 የገና ዕለት ሰፈሩን ለቃ ስትሄድ ከ26 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቷታል፣ ዛሬም እዚህ ሰው ስለሷ ሲያወራ ያን ቃል ሳያነሳ አያልፍም። ይህን እንዴት አድርጌ ለእማዬ ልተርጉም? ስህተቱ ካልተተረጎመ ሴትየዋ አልተተረጎመችም።

የመርካቶ ልጅ፦

እኛም «ሆስቢታል»፣ «ትራስፖርት» እንላለን። ግን የሰው ስም አይወጣቸውም።

ፊደል ቆጣሪ፦

አንድ ቀን ስጡኝ።

ፊደል ቆጣሪ፦

አገኘሁት። ሥዕሉን «ፓኖራማ» በይው። ሂልዳ ደግሞ «ፓኖ ሮማን» ትበል። «ግቡና የኔን ፓኖ ሮማን እዩልኝ።»

ሰንበሌጥ፦

ጋሼ፣ ዛሬ ማታ ሞከርኩት። እማዬ ከት ብላ ሳቀች። ትንሽ ቆይታ ግን ጠጋ ብላ፣ «ይቺ ሮማን የምትሏት የማን ልጅ ናት? እስካሁን አላየኋትም» አለችኝ።