ልጁ አፉን እስኪፈታ አማርኛውን እንተወው?

የዛሬው ክርክር፦ ንግግሩ የዘገየ ልጅ ቤት ውስጥ በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ብቻ ይነገረው ወይስ በአፍ መፍቻው? ጥያቄውን ያመጣችው የቡድናችን አባል ናት። ከራሷ እንስማ።

*እናት ከሲኤምሲ*

ልጄ 3 ዓመት ከ7 ወሩ ነው። በእንግሊዝኛ እስከ 20 ይቆጥራል። ቀለማቱን ይጠራል። የካርቱን ዘፈን ከነዜማው ይዘፍናል። ውሃ ሲጠማው ግን እጄን ይዞ ወደ ፍሪጁ ይጎትተኛል እንጂ “ውሃ” አይለኝም።

ባለፈው ወር ትምህርት ቤት ጠሩኝ። “ሁለት ቋንቋ ግራ አጋብቶታል፤ ቤትም በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት” አሉ። ሦስት ሳምንት ሞከርን። እኔና አባቱ እንደምንም ተወጣነው። ቀኑን ሙሉ አብራው የምትውለው ሞግዚት ግን እንግሊዝኛ አትችልም። እንዳላበላሽበት ብላ ፈርታ ዝም አለች። እናቴም ስትመጣ አቅፋው ቁጭ ትላለች እንጂ አታወራውም። ቤቱ ጭር አለ። ልክ እየሠራን ነው? እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

*አባት ከገርጂ*

እህቴ፣ እኔ ትምህርት ቤቱ ልክ ነው ባይ ነኝ። በኑሮ ዓይን እንየው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በእንግሊዝኛ ነው። ዩኒቨርሲቲውም በእንግሊዝኛ ነው። ኬጂ ውስጥ ሚሶቹ የሚያዙት በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጁ ትእዛዙ ካልገባው ቀኑን ሙሉ እንደ እንግዳ ሊውል ነው። ሁለት መሸከም ላቃተው ልጅ አንዱን ማውረድ ጭካኔ አይደለም። አማርኛውን ከሰፈር፣ ከዘመድ ይለቅመዋል። እንግሊዝኛውን ከየት ይለቅማል?

*አያት ከደሴ*

ልጆቼ፣ አትጨነቁ። ወንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም። የእኔም ልጅ 4 ዓመት ሊሞላው ሲል ነው የተናገረው፤ ዛሬ የልጆች አባት ነው። አንድ ነገር ግን አደራ። “ምላሱ ታስሯል” ብሎ የሚያስቆርጥ አይጠፋም። በእኛ ጊዜ ምላስም እንጥልም ይቆረጥ ነበር። ደሙ አልቆም ብሎ የሄደ ሕፃን አይቻለሁ። ልጁን ለምላጭ እንዳትሰጡት።

*የንግግር ቴራፒስት*

እማማ፣ ስለ ምላጩ የተናገሩትን ሁሉም ይስማዎት። እግዜር ይስጥልን። “ወንድ ልጅ ይዘገያል” የሚለው ላይ ግን ይፍቀዱልኝና ልከራከርዎት። ወንዶች ከሴቶች በጥቂት ወራት ሊዘገዩ ይችላሉ፤ በዓመታት ግን አይደለም። አንድ ልጅ ዓመት ሲሞላው አካባቢ የመጀመሪያ ቃሉን ይላል። በ2 ዓመቱ “እማ ነይ”፣ “ውሃ ስጪኝ” እያለ ሁለት ቃል ያገናኛል። የእርስዎ ልጅ ሰምሮለታል፣ ተመስገን። የሁሉም አይሰምርም። ዝም ብለን የጠበቅንበት ጊዜ ደግሞ አይመለስም።

እህቴ፣ ከቋንቋው በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ጆሮው ታይቷል? ጉንፋን በያዘው ቁጥር ጆሮው የሚመግል ልጅ ድምፅ የሚሰማው ታፍኖ ነው። ጥሩንባ ሲነፋ ይዞራል፣ ስለዚህ “ይሰማል” እንላለን። “ከ”ን ከ“ተ”፣ “ሰ”ን ከ“ሸ” ለይቶ ይሰማል ወይ? እሱን የሚነግርሽ የመስማት ምርመራ ነው። እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ ይህን ሳያደርጉ ነው የሚመጡት።

ሌላው፣ ቁጥር መደርደርና መነጋገር ይለያያሉ። እስከ 20 ቆጥሮ ውሃ የማይጠይቅ ልጅ፣ በጣቱ ከማመልከት ይልቅ እጅ የሚጎትት ልጅ፣ በባለሙያ መታየት አለበት። ሳላየው ስም አልሰጠውም፤ ማንም እንዲሰጠው አትፍቀጂ። ግን ይታይ።

ወደ ክርክሩ ስመጣ፣ ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም። የአሜሪካው የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ባለሙያዎች ማኅበር አቋሙ ይኸው ነው። የንግግር ችግር ያለበት ልጅም ሁለት ቋንቋ መልመድ ይችላል። ችግሩ ካለ በሁለቱም ቋንቋ ይታያል፤ አንዱን ብትቀንሺ ችግሩ አብሮ አይቀነስም። የምትቀንሺው የሚያናግሩትን ሰዎች ነው። ቤቱ ጭር አለ ያልሽው ይህ ነው።

*አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ*

እዚህ አሜሪካ እኛም ይህንኑ ተብለናል፤ የነገረን ግን ቴራፒስት ሳይሆን ዘመድ ነበር። ልጃችን 2 ዓመቷ ላይ ቃላቷ አምስት አይሞሉም ነበር። እዚህ ከልደት እስከ 3 ዓመት ላሉ ልጆች ሕጉ ድጋፍ ያዛል። ወላጅ ራሱ ደውሎ ይጠይቃል። ከዚያ በ45 ቀን ውስጥ ምርመራው አልቆ ዕቅድ መውጣት አለበት። ምርመራው በነፃ ነው፤ በተቻለ መጠንም በልጁ ቋንቋ እንዲደረግ ሕጉ ያዛል። አስተርጓሚ መጥታ አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም አብረው ቆጠሩላት። እዚህ ያላችሁ ወላጆች፣ “ለልጄ ስም ይወጣባታል” ብላችሁ እንዳትደብቁ። እኛ አምስት ወር ደብቀናል። ዛሬም ይቆጨኛል።

*እናት ከዳላስ*

የእኔ ሐሳብ አይወደድ ይሆናል። እኛ አማርኛውን ተውነው። ሁለታችንም በፈረቃ ነበር የምንሠራው። ልጃችንን የምናገኘው በቀን ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ቴራፒው በእንግሊዝኛ፣ መዋያው በእንግሊዝኛ። በሁለቱ ሰዓት አማርኛ ልጨምር ብል የተጀመረውም የሚበተን መሰለኝ። ዛሬ 9 ዓመቱ ነው፤ ጥሩ ይናገራል፣ ያነባል። እናቴ ስትደውል ግን ስልኩን ይዞ ወደ እኔ ያያል። እሷ “የኔ ጌታ፣ ደህና ነህ?” ትላለች፣ እኔ አስተረጉማለሁ። ተሳስቻለሁ ለማለት አልደፍርም። አቅማችን ያ ነበር። የምትወስኑ ሰዎች ግን ይህንንም እወቁ።

*አባት ከገርጂ*

እህታችን ከዳላስ የተናገረችው የእኔን ሐሳብ ያጠናክራል። ልጁ ተናግሯል፣ አንብቧል።

ደግሞ “አፍ መፍቻ፣ አፍ መፍቻ” ስንል ውጤቱንም እንይ። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ጀምሮ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው። በ2002 ዓ.ም. በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የተፈተኑት በገዛ ቋንቋቸው ነው። እና ቋንቋው ብቻውን ምን አተረፈ?

*የኬጂ መምህርት፣ ባሕር ዳር*

ወንድሜ፣ ቁጥሩ እውነት ነው፤ እኔንም ያመኛል። ጥፋቱን ግን ቋንቋው ላይ አልጥለውም፤ አስተማሪ ስለሆንኩ ከራሴ ልጀምር። ብዙዎቻችን ፊደል የምናስተምረው በጅምላ ዜማ ነው። “ሀ ሁ ሂ ሃ” እያሉ ልጆቹ 231ዱን እንደ መዝሙር ይወጡታል። ከዚያ ግድግዳው ላይ “መ” የቷ ናት ስትያቸው ከ“ሀ” ጀምረው እየቆጠሩ ይመጣሉ። ዜማውን ያውቁታል፤ ፊደሏን አያውቋትም።

የድሮ የቄስ ትምህርት ቤት ይህን አውቆበት ነበር። ልጁ ሀሁን ሲጨርስ አቡጊዳ ያስቆጥሩታል፤ “አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ”። አናባቢው በየፊደሉ ስለሚቀያየር በቃሉ የያዘው አያድነውም። ዓይኑ ፊደሏን ራሷን መለየት አለበት። በስንደዶ እየነኩ ነበር የሚያስቆጥሩት። በእኔ ክፍል ይህን ከጀመርኩ ወዲህ ንግግራቸው ያልጠራ ልጆች እንኳ ነጠላ ድምፅ ማውጣት ይደፍራሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አስቡ። አማርኛ ሲጻፍ የሚጠብቀውና የሚላላው አይለይም። “ገና” በዓሉ ነው ወይስ “ገና ነው” ለማለት? “አለ” ተናገረ ነው ወይስ ኖረ? ፊደሉ አይነግርሽም። የሚነግርሽ ጆሮሽ ነው። ቃሉን አስቀድሞ በአፍ ያልሰማ ልጅ ፊደሎቹን ቢለይም እንኳ በትክክል ማንበብ ይቸገራል። ስለዚህ ንባብ የሚጀምረው ኬጂ ሳይሆን ሞግዚቷ ሽንኩርት እየከተፈች ስታወራው ነው። ያቺን ልጅ ዝም ማሰኘት ለእኔ ትልቅ ጥፋት ነው።

*የንግግር ቴራፒስት*

መምህርት አቡጊዳን ስታነሺ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ትዝ አሉኝ። ልጃቸው ኦቲዝም፣ ማለትም ንግግርንና ከሰው ጋር መግባባትን የሚነካ የአእምሮ ዕድገት ሁኔታ፣ አለበት። በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ውስጥ ሲከፍቱ ስለ ኦቲዝም በግልጽ የሚያወራ ሰው እምብዛም አልነበረም፤ ብዙ ልጆች ቤት ተዘግቶባቸው ነበር። በእኛው ፊደል ላይ ተመሥርተው አቡጊዳ ፎነቲክስ የሚባል ዘዴ አዘጋጁ። ፊደሎቻችን እያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ድምፅ ናቸው፤ “መ” ብለሽ “መ” ነው። ቃል ለማውጣት ለሚቸገር ልጅ ይህ ጥሩ መያዣ ነው። ወይዘሮ ዘሚ በ2021 እ.ኤ.አ. አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

አባት ከገርጂ፣ ያንተንም ስጋት አልንቀውም። እንግሊዝኛ ይማር። ግን አንድ ነገር አስተውል። እኔ ጋ የሚመጡ ወላጆች ልጃቸውን በእንግሊዝኛ ሲያናግሩ እሰማለሁ። “ካም ሂር”፣ “ሲት ዳውን”፣ “ኖ” ነው። ትእዛዝ ብቻ። በአማርኛ ሲሆን ስለ ወደቀው ድመት፣ ስለ አጎቱ ሠርግ፣ ለምን እንዳለቀሰ ያወሩታል። ልጅ ቋንቋ የሚያበቅለው ከዚህ ነው።

*አባት ከገርጂ*

የትእዛዙ ነገር ልክ ነሽ፤ ቤቴንም አየሁት። የእኔ ልጅ ንግግሩ ደህና ስለሆነ ልብ አላልኩትም ነበር። ያም ሆኖ ትምህርት ቤቱ በእንግሊዝኛ እስከሆነ ድረስ ይህ ልጅ ክፍል ውስጥ ሊቸገር ነው። እሱን ማን ይመልስ?

*የኬጂ መምህርት፣ ባሕር ዳር*

ትምህርት ቤቱ ይመልስ። በ3 ዓመት ልጅ ላይ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ የሚዘጋ ክፍል ልጁን ሊያስተካክል አይችልም፤ ክፍሉ ነው መስተካከል ያለበት። ሚሷ “ውሃ ትፈልጋለህ?” ብላ ብትጠይቀው ምን ይጎድልባታል?

*እናት ከሲኤምሲ*

ሁላችሁንም አነበብኩ፤ እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። የጆሮ ምርመራ ለማክሰኞ ቀጠሮ አግኝቻለሁ። ቴራፒስት ፍለጋው ግን ከባድ ነው። ወረፋው ረጅም፣ ዋጋውም ለእኛ ውድ ነው። አዲስ አበባ ሆኜ ይህን ካልኩ ክፍለ ሀገር ያለው ወላጅ ምን ይበል?

ሞግዚቷን “እንደ ድሮሽ አውሪው” አልኳት። እስኪታይ ድረስ ቤት ምን እናድርግ?

*የንግግር ቴራፒስት*

ስልክና ቴሌቪዥኑን ቀንሺ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ዕድሜ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ ይላል። “በል! ውሃ በል!” እያላችሁ አታስጨንቁት። ቁመትሽን ዝቅ አድርገሽ ፊትሽን ያሳዪው። “ውሃ” በይና ጠብቂ፤ በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። “ው” ካለ “ውሃ! ቀዝቃዛ ውሃ” ብለሽ ስጪው።

እናትሽ ሲመጡ ተረት ይንገሩት። “ተረት ተረት” ብለው ይጠብቁ፣ “የላም በረት” የምትለውን እሱ እስኪሞላት። በየቀኑ ያቺኑ። እኛ ክሊኒክ ውስጥ የምንሠራው ከዚህ ብዙም አይለይም።

*እናት ከሲኤምሲ*

ፊደሉንስ? አሁን ይጀመር ወይስ ይቆይ? ከየትኛው?

*የኬጂ መምህርት፣ ባሕር ዳር*

ገበታውን አሁን አታምጪበት። ከስሙ የመጀመሪያ ፊደል ጀምሪ፤ ያቺን ብቻ። ቦርሳው ላይ፣ ኩባያው ላይ ጻፊለት። ሲያያት ድምጿን በይለት። ማክሰኞ ከጆሮ ምርመራው ስትመለሺ ደግሞ እዚሁ ጻፊልን።